የኮቤ ወደብ የጉዳይ ጥናት፦ ጠጠራማው ሙሌት ለምን እንደ ፈሳሽ ሆነ?

ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ተናጠች። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የርዕደ መሬቱ መነሻ ከአዋጂ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ ነበር። ከኮቤ መሃል ከተማ የሚርቀው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መጠኑ 6.9 ተለካ። ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም በፈረሱ የእንጨት ቤቶች ሥር ነው። ስለዚህ የኮቤ ነገር ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ቤቶቹን፣ እሳቱንና በጎኑ የተኛውን አውራ ጎዳና ነው። ቢያስታውስም አይፈረድበትም።

እኔ ግን እዚህ ስለ ወደቡ ልጻፍ። ኮቤ በ1994 ከዓለም የኮንቴይነር ወደቦች 6ኛ ነበረች። ከጃፓን የኮንቴይነር ጭነት 30 በመቶ ያህሉ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ዋናዎቹ የኮንቴይነር ማራገፊያዎች ያሉት ፖርት አይላንድና ሮኮ አይላንድ በሚባሉ ሁለት ሰው ሠራሽ ደሴቶች ላይ ነው። ኃይለኛው ንቅናቄ የቆየው 20 ሰከንድ ያህል ነው። ሲያበቃ እነዚያ ማራገፊያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ።

ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ መጠናት አለበት የምለው በጉዳቱ ስፋት ብቻ አይደለም። ደሴቶቹ የተሞሉበት አፈር በጊዜው ሰዎች በርዕደ መሬት እንደ ፈሳሽ ይሆናል ብለው የሚፈሩት ዓይነት አልነበረም። የሚፈራው ደቃቅ አሸዋ ነበር። ይህ ግን ጠጠር የበዛበት ነው። መሐንዲሶቹ የአፈሩን ዓይነት ጠይቀው ተረጋጉ። አፈሩ እንዴት እንደተቀመጠ የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ለእኔ የኮቤ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

ተራራው ወደ ባሕር ሲገባ

ኮቤ በሮኮ ተራሮችና በባሕሩ መካከል የተጣበቀች ከተማ ናት። መስፋት ስትፈልግ መሬት አልነበራትም። ስለዚህ ከተማዋ ኮረብታዎቹን ቆረጠች። አፈሩን በማጓጓዣ ቀበቶ እስከ ጠረፍ አወረደችው፣ በጀልባ ጭና ባሕር ውስጥ ደፋችው። የተቆረጠው ኮረብታ የመኖሪያ ሠፈር ሆነ፣ የተደፋው አፈር ደግሞ ወደብ ሆነ። የፖርት አይላንድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ1966 እስከ 1981 ተሠራ። የሮኮ አይላንድ ሥራ በ1972 ተጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። በምህንድስና ድፍረቱ የሚደነቅ ሥራ ነው። ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም።

አፈሩ በጃፓኖች ዘንድ ማሳዶ ይባላል። አየርና ውሃ ያበሰበሰው ግራናይት ነው። ከትልቅ ጠጠር እስከ ደቃቅ አሸዋ ሁሉም መጠን ተቀላቅሎበታል። ሸክላና ደለል ግን ጥቂት ነው። ሮኮ አይላንድ ላይ በከፊል ከአሸዋ ድንጋይና ከጭቃ ድንጋይ የተፈጨ ሙሌት ስለገባ ጉዳቱ ከፖርት አይላንድ ቀለል ብሎ ታይቷል። ፖርት አይላንድ ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ በማሳዶ ነው የተሞላው።

አደፋፉ ነው ወሳኙ። ከሥር የሚከፈቱ ጀልባዎች አፈሩን ይለቁታል፣ አፈሩ በውሃው ውስጥ እየወረደ ወለሉ ላይ ይከመራል። ውሃ ውስጥ ሮለር አይገባም። የሚጠቀጥቀው የለም። እንደወደቀ ይቀራል፣ ከላይም ሌላ ይጨመርበታል። በፖርት አይላንድ የሙሌቱ ውፍረት 18 ሜትር ገደማ ደረሰ። ከሥሩ ለስላሳ የባሕር ሸክላ አለ። የከርሰ ምድር ውሃው ከላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር ላይ ይገኛል። ከዚያ በታች ያለው ሙሌት በሙሉ ውሃ ጠግቧል ማለት ነው።

መርከብ የሚቆምበት ግድግዳ የተሠራው ደግሞ በኬሶን ነው። ኬሶን ማለት ሕንፃ የሚያክል ባዶ የኮንክሪት ሣጥን ነው። ተንሳፍፎ ይመጣል፣ ቦታው ላይ ይሰምጣል፣ በአፈር ይሞላል። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ ክብደቱን ስለማይችል ሸክላው በድሬጀር (የባሕር ወለል በሚቆፍር መርከብ) ወጣ። በምትኩ ማሳዶ ተደፋ። በላዩ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከዚያ ኬሶኑ። ልብ በሉ፤ ከግድግዳው ኋላም ከግድግዳው ሥርም ያለው ያው ሳይጠቀጠቅ የተደፋ ማሳዶ ነው።

መመሪያው ምን ይል ነበር?

ጃፓን ስለዚህ አደጋ የማታውቅ አገር አልነበረችም። እንዲያውም ዓለምን ያስተማረችው እሷ ናት። በ1964 በኒጋታ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሳይሰበሩ በጀርባቸው ሲተኙ፣ በዚያው ዓመት አላስካም ስትናጥ፣ የሊክዊፋክሽን (ውሃ የጠገበ አፈር ሲናጥ እንደ ፈሳሽ የመሆን) ጥናት በቁም ነገር ተጀመረ። የጃፓን ወደቦች የአደጋ ግምገማም የሚነሳው ከቅንጣት መጠን ነበር። የአፈሩ ናሙና ይወሰዳል፣ በወንፊት ይነፋል፣ የመጠን ሥርጭቱ ኩርባ ይሣላል። ኩርባው አደገኛ በተባለው ክልል ውስጥ ከወደቀ ቀጣዩ ስሌት ይሠራል። ካልወደቀ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የመንገድ ድልድዮች መመሪያው ይበልጥ ግልጽ ነበር። አማካይ የቅንጣት መጠኑ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ አፈር ለሊክዊፋክሽን አይሰላም። ማሳዶ ደግሞ ልክ እዚህ ድንበር ላይ ይቀመጣል። ብዙ ናሙናዎች ከድንበሩ በላይ ናቸው።

ከሐሳቡ ጀርባ ያለው ምክንያት የማይረባ አልነበረም። ጠጠር ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ውሃው ቶሎ ከወጣ ግፊት አይከማችም። ችግሩ ማሳዶ ንጹሕ ጠጠር አለመሆኑ ነው። በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት አሸዋው ሞልቶታል። ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ የሚወስነው ያ አሸዋ ነው። 18 ሜትር ውፍረት ካለው እንዲህ ካለ ሙሌት ውሃ በ20 ሰከንድ ውስጥ አይወጣም።

በዚያ ላይ የመስክ ምርመራው ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ኤስፒቲ የሚባለው የተለመደ ሙከራ አለ። የተወሰነ ክብደት ያለው መዶሻ ከተወሰነ ከፍታ እየወደቀ ናሙና መውሰጃውን ይመታል፤ 30 ሴንቲሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ብዙ ምት ማለት ጥቅጥቅ ያለ አፈር ነው፣ ጥቂት ምት ማለት የላላ። በፖርት አይላንድ ሙሌት ውስጥ ቁጥሩ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ነበር። ይህ ልል አፈር ነው። ወንፊቱና መዶሻው ተጋጩ፣ ወንፊቱ አሸነፈ።

ከመሬት በታች የተቀረጸው ማስረጃ

በፖርት አይላንድ አንድ ትልቅ ዕድል ነበር። የኮቤ ከተማ በ1991 የንቅናቄ መለኪያዎችን በአንድ ቦታ በአራት ጥልቀት ቀብራ ነበር፤ ገጽ ላይ፣ በ16፣ በ32 እና በ83 ሜትር። መለኪያዎቹ ርዕደ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ቀረጹት። እንዲህ ያለ መረጃ በጣም ብርቅ ነው።

በሰሜን-ደቡብ አቅጣጫ የተመዘገበው ከፍተኛ ፍጥንጥነት በ83 ሜትር ላይ 679 ጋል ነበር። በ32 ሜትር 544፣ በ16 ሜትር 565፣ ገጽ ላይ ሲደርስ 341 ጋል ብቻ። (981 ጋል ማለት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ነው።) ለስላሳ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ንቅናቄን ያጎላል። እዚህ ግን ግማሽ አደረገው። በመጨረሻዎቹ 16 ሜትሮች ውስጥ የሆነ ነገር የጎን ንቅናቄውን በላው። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ንቅናቄ ደግሞ ገጽ ላይ 556 ጋል ደረሰ፤ ከጎኑ በለጠ። ይህም ያልተለመደ ነው።

የሁለቱም መልስ አንድ ነው። በጣሳ ያለ እህል ሲነቀነቅ ዝቅ እንደሚል ሁሉ ልል አፈርም ሲናጥ መጠጋጋት ይፈልጋል። በቅንጣቶቹ መካከል ግን ውሃ አለ። ውሃው መውጣት ካልቻለ የላይኛውን ክብደት ከቅንጣቶቹ ተረክቦ ይሸከማል። የውሃው ግፊት ክብደቱን ሲያክል ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መደጋገፋቸውን ያቆማሉ። ያኔ አፈሩ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሽ ደግሞ የጎን ሽርተታን አያስተላልፍም፤ የሽርተት ሞገዱ እዚያው ደከመ። የግፊት ሞገድ ግን በውሃ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ የላይ-ታቹ ንቅናቄ ምንም አልተገታም። አፈሩ ፈሳሽ መሆኑን መለኪያዎቹ በራሳቸው መስክረዋል።

ገጽ ላይ የታየውም ይህንኑ ይደግፋል። ከየስንጥቁ አሸዋና ጠጠር ያዘለ ጭቃ ውሃ ፈላ፣ ደሴቱን ሰፋ ባለ ክፍሉ አለበሰው።

ሒሳቡ ቀላል ነበር

አሁን ሒሳቡን በእጅ እንሥራው። ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። ዘዴው የአፈር መሐንዲሶቹ ሲድና ኢድሪስ በ1971 ያቀረቡት ነው፤ ከኮቤ በፊት ሃያ ዓመት ያለፈው።

10 ሜትር ጥልቀት ላይ እንቁም። የከርሰ ምድር ውሃው 4 ሜትር ላይ ነው እንበል። እዚያ ያለው ጠቅላላ ጫና 196 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የውሃው ግፊት ሲቀነስ ቅንጣቶቹ የሚሸከሙት 137 ይቀራል። የሁለቱ ንፅፅር 1.43 ነው። የገጹ ፍጥንጥነት የስበት 0.35 ያህል ነው። ከፍተኛው ምት ለአንድ አፍታ ብቻ ስለሆነ በ0.65 ይባዛል። በጥልቀት የሚመጣው መቀነስ ደግሞ 0.9 ነው። 0.65 በ0.35፣ በ1.43፣ በ0.9 ስናባዛ 0.29 እናገኛለን። ርዕደ መሬቱ ከአፈሩ የሚጠይቀው ይህን ነው።

አፈሩስ ምን አለው? የኤስፒቲ ቁጥሩን 7 እንውሰድ። ለመዶሻው ጉልበትና ለጥልቀቱ ሲታረም እዚያው 7 አካባቢ ይቀራል። ይህ በ7.5 መጠን ርዕደ መሬት 0.09 ያህል የመቋቋም አቅም ይሰጣል። የኮቤው 6.9 ስለሆነና የንቅናቄ ዙሮቹ ስለሚያንሱ ወደ 0.11 ከፍ ይላል። 0.11 ለ0.29 ሲካፈል የደኅንነት ንፅፅሩ 0.4 እንኳ አይሞላም። ከ1 በታች ማለት ይፈሳል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ 341 ጋል የተመዘገበው መሬቱ ከላላ በኋላ ነው። መሬቱ ባይላላ ኖሮ ገጹ ላይ የሚደርሰው ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ 0.29 እንኳ ለዘብ ያለ ግምት ነው። ሁለተኛ፣ መዶሻው ጠጠር ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል። እውነተኛው አፈር ከ7ም የባሰ ልል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ነገሮች የሚገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

ሒሳቡን ከኋላ ብንነሳስ? ንፅፅሩ 1 እንዲሆን የታረመው ቁጥር 22 አካባቢ መድረስ ነበረበት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ግድግዳው ወዴት ሄደ

አፈሩ ፈሰሰ ወይስ አልፈሰሰም የሚለው ለወደብ ግማሽ መልስ ነው። የወደብ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚሄድ ነው። በኮቤ ኬሶኖቹ በአማካይ 3 ሜትር፣ ከባሰበት ቦታ ደግሞ እስከ 5 ሜትር ወደ ባሕር ሄዱ። ከ1 እስከ 2 ሜትር ሰመጡ። ወደ ባሕሩ 4 ዲግሪ ያህል አዘነበሉ። አንዳቸውም አልተገለበጡም፣ የኮንክሪት አካላቸውም በአብዛኛው ደህና ነበር። ከኋላቸው ያለው መሬት ግን እስከ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ወረደ። የክሬኖቹ አንዱ ሐዲድ ከግድግዳው ጋር ሲሄድ ሌላው ኋላ ቀረ፤ እግሮቻቸው ተበልቅጠው ጎበጡ።

የመጀመሪያው ግምት ኬሶኑ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ተንሸራቷል የሚል ነበር። ጠላቂዎች ወርደው ሲያዩ ግን እንዲያ አልነበረም። ኬሶኑና ንጣፉ አብረው ነው የሄዱት። ሥራቸው ያለው የተተካው ማሳዶ ላልቶ ክብደቱን አልቻለም፤ ወደ ባሕሩ ተገፍቶ ወጣ። ኬሶኑም ተከትሎት ሰመጠ፣ አዘነበለ። ኋላ ላይ በኮምፒውተር የተሠሩ ትንተናዎችም ይህንን አረጋገጡ። በሞዴሉ ውስጥ ከኋላም ከሥርም ያለው አፈር እንዳይፈስ ሲደረግ መፈናቀሉ ከግማሽ በታች ወረደ። ከሁለቱ ደግሞ የሥሩ አፈር ከኋላው ይልቅ ከባድ ድርሻ ነበረው።

ግድግዳዎቹ ሲነደፉ የተወሰደው የጎን ኃይል ከክብደታቸው ከ10 እስከ 25 በመቶ ነበር። አካባቢው ለከባድ ርዕደ መሬት ቅርብ ነው ተብሎ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር በዝቷል። በ25 በመቶ የተነደፉት የማያ ማራገፊያ ኬሶኖች ግን ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሰው መሥራታቸውን ቀጠሉ። ከአደጋው በኋላ በነበሩት ቀናት ለከተማዋ የእርዳታ በር የሆኑት እነሱ ናቸው።

ደህና የነበረው ቦታ

በዚያው ደሴት፣ በዚያው ማሳዶ፣ በዚያው ንቅናቄ ያልተጎዱ ቦታዎች ነበሩ። የጉዳዩ ትልቁ ማስረጃ ለእኔ ይህ ነው።

ምንም ያልተደረገለት ሙሌት ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ወረደ። ወደ ጥልቅ በተተከሉ የመሠረት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ ሕንፃዎች ባሉበት ሲቀሩ ዙሪያቸው ያለው መሬት ዝቅ ብሎ ደረጃቸው አየር ላይ ተንጠለጠለ። በሚንቀጠቀጥ ዘንግ ወይም ወደ መሬት በሚገፉ የአሸዋ ዓምዶች በተጠቀጠቁ ቦታዎች ግን መውረዱ በጣም ትንሽ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ የለም ማለት ይቻላል። በእነዚህ ቦታዎች የኤስፒቲ ቁጥር 20 አካባቢና ከዚያ በላይ ደርሶ ነበር። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ሰፈር ማለት ነው።

መካከለኛ ቦታም አለ። በአንዳንድ ክፍሎች ከሥር ያለው ሸክላ ቶሎ እንዲጠጋጋ የአሸዋ ማስወጫ ቱቦዎች ተተክለው ከላይ ጊዜያዊ ጭነት ተጭኖ ነበር። ዓላማው ሸክላው ነበር እንጂ ሊክዊፋክሽን አልነበረም። ግን ቱቦዎቹ ሙሌቱን አልፈው ሲተከሉ ሙሌቱንም አጠጋጉት። እነዚህ ቦታዎች ካልታከሙት በግልጽ ያነሰ ወረዱ።

አፈሩ ያው ነው፣ የወንፊት ኩርባውም ያው ነው። የተለየው ጥቅጥቅነቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ

በወደቡ መገልገያዎች ላይ የደረሰው ጉዳት 1 ትሪሊዮን የን ገደማ ተገመተ። ጥገናው እስከ ማርች 1997 ቆየ፤ ሁለት ዓመት አለፈው። አንዳንድ ቦታ የተፈናቀለው ኬሶን ባለበት ተትቶ ከፊቱ አዲስ መዋቅር ተሠራ። ሌላ ቦታ ከኋላ ያለው አፈር ወጥቶ በቀላል ሙሌት ተተካ፤ ከሥር ያለውም በሲሚንቶ ተጠናከረ። በሜሪኬን ማራገፊያ 60 ሜትር ያህል የፈረሰ ግድግዳ እንዳለ ተጠብቆ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። መርከቦቹ ግን አልጠበቁም። በኮቤ ይተላለፍ ከነበረው የሌሎች አገሮች ጭነት ብዙው ወደ ደቡብ ኮሪያዋ ቡሳንና ወደ ሌሎች ወደቦች ሄዶ እዚያው ቀረ። 6ኛነቷ አልተመለሰም።

የመንገድ ድልድዮች መመሪያው በ1996 ተለወጠ። የ2 ሚሊ ሜትሩ ድንበር ወደ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። የወደቦች ደረጃም በ1999 ሁለት ዓይነት ርዕደ መሬት እንዲታሰብ አደረገ፤ አንዱ በመዋቅሩ ዕድሜ ሊያጋጥም የሚችል፣ ሌላው ብርቅ ግን ኃይለኛ። በ1995 የደረሰው ሁለተኛውን ዓይነት ነው። በ2001 ፒያንክ የተባለው ዓለም አቀፍ የውሃ መጓጓዣ ማኅበር ባወጣው መመሪያ የንድፉ መለኪያ ግድግዳው ስንት ይሄዳል፣ ስንት ያዘነብላል፣ ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚል ሆነ።

በተሞላ መሬት ላይ ያለ ወደብ ሲገመገም እኔ የምጠይቀው መጀመሪያ የግንባታ መዝገቡን ነው። አፈሩ ከየት መጣ፣ በምን ተደፋ፣ ውሃው እስከ የት ነበር፣ የተጠቀጠቀው የቱ ጋ ነው። ቁፋሮው ከዚያ ይከተላል። ሙሌቱ ጠጠር ካለበት በኤስፒቲ ብቻ አልተማመንም፤ የሽርተት ሞገድ ፍጥነትም እንዲለካ እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ትልቅ ጠጠር ያን ሞገድ እንደ መዶሻው አያሳስተውም። ቁፋሮዎቹ ከግድግዳው ኋላ ብቻ እንዲሆኑ አልፈቅድም። ለበጀት ሲባል ከባሕሩ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ከጀልባ ላይ መቆፈር ውድ ስለሆነ። በኮቤ ኬሶኖቹን ይዞ የሄደው ግን እዚያ ያለው አፈር ነው። ሪፖርቱም በደኅንነት ንፅፅር ሠንጠረዥ ማለቅ የለበትም። የክሬኑ ሐዲድ ስንት ሴንቲሜትር መለያየትን እንደሚችል ከክሬኑ ባለሙያ ተጠይቆ፣ ግድግዳው ከዚያ በላይ ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለው በቁጥር መጻፍ አለበት።